የባንዩባሊን ውሃ ምራት የምትከፍተው ስለ ምን ነው

በኢንዶኔዥያ አገር፣ በጃቫ ደሴት ወገብ ላይ፣ ከአናቱ ጢስ የማይለየው አንድ ተራራ ሥር፣ ባንዩባሊ የምትባል ትንሽ የገበሬዎች መንደር አለች ይባላል። ስሟን በሩቅ የሰማ ሰው ባሕር ማዶ ያለችውን የባሊን ደሴት ያስባል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። በአገሬው ቋንቋ «ባንዩ» ማለት ውሃ፣ «ባሊ» ማለት ደግሞ መመለስ ስለሆነ ስሟ ሲፈታ «ተመልሶ የመጣ ውሃ» ይሆናል። ሰዎቿ በተራራው ጎን እንደ ደረጃ ተደርድሮ በሚወርደው እርከን ላይ ሩዝ ይተክላሉ፣ በእርከኑ ጠርዝ ካሳቫና በርበሬ ያበቅላሉ፣ አጨዳው ሲያልቅ ዳክዬዎቻቸውን ቃርሚያው ላይ ይለቃሉ። ከመንደሯ በላይ፣ ዙሪያው ሁሉ በቀርከሃና በኮኮናት ዛፍ ተሸፍኖ ሳለ፣ ሣር ብቻ የለበሰ አንድ ሰፊ ገላጣ ቁልቁለት ይታያል። መንደሩን ሁሉ የሚያጠጣው ምንጭ የሚፈልቀው ከዚያ ቁልቁለት ግርጌ ነው።

ባንዩባሊን ከጎረቤቶቿ የሚለያት ግን የውሃዋ ሥርዓት ነው። በሌላው መንደር የተከላ ወራት ደርሶ ቦይ ሲከፈት መዝጊያ ሳንቃውን የሚያነሣው ውሃ አከፋፋዩ፣ የውሃ አባቱ ነው፤ በባንዩባሊ ግን ከሌላ ሰፈር ተድራ የመጣች ምራት ናት። በሌላው መንደር መጀመሪያ የሚጠጣው ለምንጩ የቀረበው ማሳ ነው፤ እዚህ ግን የመጀመሪያው ውሃ የቅርቡን ሁሉ እያለፈ ሄዶ ከሁሉ የራቀውን ማሳ ያጠጣል፤ ያ ማሳ ሳይጠግብ ማንም ሰው ዶማውን ወደ ቦዩ አያስጠጋም። እንግዳ ሰው ይህን አይቶ «ቅርቡ ደርቆ ሳለ ሩቁን ማጠጣት ምን የሚሉት እርሻ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር አስቀምጠው የዋጊራህን ነገር ይነግሩታል።

እንደሚሉት በዚያ ዘመን ባንዩባሊ የምትባል መንደር አልነበረችም። የነበሩት ሁለት ሰፈሮች ናቸው፤ አንደኛው ከፍ ብሎ ምንጩ አጠገብ የተቀመጠው ላይ ሰፈር፣ ሁለተኛው ደግሞ ከእርከኑ በታች ሜዳው ላይ ያለው ታች ሰፈር ነበር። ምንጩ ያን ጊዜ የሚፈልቀው ከላይ ሰፈር ራስጌ ሲሆን፣ አንድ ጥልቅ ቦይ የላዩን ማሳ እያጠጣ ወርዶ ለታቹ ያደርስ ነበር። ሁለቱ ሰፈሮች ልጅ ለልጅ ይሰጣጣሉ፣ በሠርግም በሐዘንም ይጠራራሉ፤ ነገር ግን የውሃ ነገር ሲነሣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር ይባላል።

ዋጊራህ የታች ሰፈር ልጅ ናት። አባትና እናቷ ገና ሳትጠነክር ስለሞቱባት ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ፓይሚን ነው፤ ስለዚህም «ካንግ» እያለች፣ እንደዚያ አገር ወግ ታላቅ ወንድም በሚጠራበት ስም እየጠራችው፣ እንደ አባት ትፈራው ነበር። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ፓይሚን ለላይ ሰፈር ሰው ዳራት። ባሏ ሳርጂ፣ የላይ ሰፈር የውሃ አባት የነበሩት የሽማግሌው የምባህ ክሮሞ ልጅ ነው። «ምባህ» አያት እንደማለት ነው፤ ክሮሞን ግን የወለዱትም ያልወለዱትም እንዲሁ ይጠሯቸው ነበር፤ ፍትሕ አዋቂና ቃላቸውን ጠባቂ ስለነበሩ። ዋጊራህ ለሳርጂ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳለታለች፤ ይህ ሁሉ በሆነበት ጊዜ ሕፃኗ ጡት አልጣለችም ነበር።

ከዚያ የድርቁ ዓመት መጣ። ዝናቡ ከወራቱ ቀረ፣ ምንጩ ቀጠነ፣ ከፍተኛው እርከን እንኳ እንደ ሸክላ ተሰነጣጠቀ። የላይ ሰፈር ሰዎች ተሰበሰቡና «ለእኛ ለራሳችን የማይበቃ ውሃ ለምን ወደ ታች ይፈሳል? ሸለቆውን እንዝጋና ውሃውን እናጠራቅም» አሉ። ምባህ ክሮሞ መጀመሪያ ነገሩን አልወደዱትም ነበር ይባላል። ነገር ግን ሰው ሁሉ ሲጮህባቸው ጊዜ እሺ አሉ፤ እሺ ካሉ በኋላ ደግሞ የራሳቸው ሐሳብ እንደሆነ ሁሉ ያዙት፤ ቃላቸውን ጠባቂ ነበሩና። ወንዶቹ ከሰፈሩ በላይ ያለውን የሸለቆ አፍ በአፈርና በድንጋይ ዘግተው ትልቅ ክትር ሠሩ፣ ቦዩን በተደራረበ ወፍራም ሳንቃ ደፈኑት፣ ጎንዶ የሚባለውን ቁጡ ጎረምሳ አለቃ አድርገው ዘብ አቆሙ። በዚያ ቀን የታች ሰፈር ቦይ ደረቀ።

ከዚያ ወዲያ ዋጊራህ ላይ ስትሆን የታች ልጅ፣ ታች ስትወርድ የላይ ምራት ሆነች። የላይ ሴቶች ልብስ እያጠቡ ሲያወሩ እሷ ስትደርስ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ጥቂት ካሳቫ ይዛ ወንድሟን ልትጠይቅ ብትወርድ፣ የፓይሚን ሚስት ደጃፍ ላይ ቆማ «ካሳቫው የበቀለው በማን ውሃ ነው?» አለቻትና በሩን ዘጋችባት። ዋጊራህ ካሳቫውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች፤ መንገዱን ሁሉ አላለቀሰችም፤ ቤቷ ገብታ ልጇን ስታጠባ ግን እንባዋ ሕፃኗ ግንባር ላይ ይንጠባጠብ ነበር አሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ተራራው አናት ላይ ወረደ። ታች ሰፈር አንዲት ጠብታ አልነካውም፤ ሰዎቹ ደጅ ወጥተው ጥቁሩን ደመናና መብረቁን እያዩ ቦዩ ዳር ተሰልፈው ጠበቁ፤ ምንም አልመጣም። ላይ ሰፈር ግን ጎርፉ ሸለቆውን ይዞ ወረደና ክትሩ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሰዎቹ ጮቤ ረገጡ። ጎንዶ ክትሩ ላይ ቆሞ «ከእንግዲህ ሩዛችንን ማን ይነካዋል!» እያለ ሲፎክር የሰማው ሁሉ ሳቀ።

በማግስቱ ዋጊራህ የቤቷን በር ልትዘጋ ብትገፋው አልገጥም አላት። ትናንት በጣት የሚዘጋ በር ነበር። መቃኑ አጋድሎ አየችው። ጎሾቻቸው ከሚያድሩበት በረት ኋላ ብትሄድ መሬቱ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘች፤ ከሰዓት ተመልሳ ስታየው ጣቷ የሚገባበት ሆኗል። ከቤታቸው በታች ባለው እርከን ግድግዳ ላይ ደግሞ ከዚህ ቀደም ውሃ ታይቶ ከማያውቅበት ቦታ ድፍርስ ውሃ ያዥ ነበር። የክትሩ ውሃ መሬት ውስጥ ለውስጥ እየሰረገ ከሥራቸው እየገባ መሆኑ ገባት።

ለባሏ ነገረችው። ሳርጂ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የዘበኝነት ተራው ደርሶ ነበርና ቀና ብሎ አላያትም። «በድርቅ የተሰነጠቀ መሬት ብርቅ ሆነብሽ?» አለ። «የድርቅ ስንጥቅ እንዲህ አይደለም። ውሃው መለቀቅ አለበት ሳርጂ» አለችው። «ለማን ነው የሚለቀቀው? ለወንድምሽ?» ብሎ ዘንጉን ይዞ ወጣ።

ዋጊራህ ሌሊቱን ዓይኗን ሳትከድን አነጋችው። ሲነጋ እንደገና ወደ ስንጥቁ ሄደች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ገባ። ልጇን በቀይ ማዘያዋ አዘለችና ምራት አማቿን ሰው ፊት ልታናግር እንደማይገባት እያወቀች፣ በቀጥታ ክትሩ ወዳለበት ወጣች። ምባህ ክሮሞ ከጎንዶና ከዘበኞቹ ጋር ተቀምጠው ነበር።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ይዩልኝ» አለች።

ጎንዶ ሳቀ። «ምን ልታሳይ ነው? የወንድሟን የደረቀ ቦይ?»

እሷ ወደ እሱ አልዞረችም። «ክፉ አይቼ ነው። ሐሰት ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ወንድሜ ቤት ይመልሱኝ፤ ልጄንም ይቀበሉኝ» አለች።

ይህን ስትል ሽማግሌው ተነሡ። ሰው በልጁ ሲምል ቀላል ነገር አይደለም። ከበረቱ ኋላ ሲደርሱ በእጃቸው የያዙትን ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ስንጥቁ ውስጥ ሰደዱት፤ ዘንጉ ገባ፣ ገባ፣ እስከ ጨበጡበት ድረስ ገባ፤ ጫፉ ግን መሬት አልነካም። ዘንጉን ስበው ቢያወጡት ታችኛው ግማሽ ጭቃ ብቻ ነበር። ምባህ ክሮሞ ከጣሪያው በላይ ወደተሰቀለው ኮረብታ አንጋጠው፣ «ንዱክ» አሏት፤ በዚያ አገር ሴት ልጅን በፍቅር የሚጠሩበት ቃል ነው። «መቼ ነው ያየሽው?»

«ትናንት ጠዋት ክር ያህል ነበር።»

«ለሳርጂ ነግረሽዋል?»

ዋጊራህ መሬት መሬት አየች። ሽማግሌው ገባቸው፤ ደግመው አልጠየቋትም።

በዚህ መካከል ከጉብታው ላይ ዘቡ ጮኸ። የታች ሰፈር ወንዶች ተነሥተው እየመጡ ነበር። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እነሱ ግን ማጭዱ በገዛ እጃቸው ነበር። ዶማና መቆፈሪያ የያዘም አለ፤ ክትሩን ሊያፈርሱ፣ የከለከላቸውንም ሊጥሉ ቆርጠው በደረቀው ቦይ ውስጥ ለውስጥ ሽቅብ እየወጡ ነበር፤ ፊት ፊት የሚመራቸው ፓይሚን ነው። የላይ ጎረምሶች የተሳለ ቀርከሃቸውን አነሡ።

ምባህ ክሮሞ በእርጋታ ወደ ክትሩ ተመለሱና «ሳንቃው ይነሣ። ኮረብታው ውሃ ጠጥቷል፤ ሊወርድብን ነው» አሉ። ዘበኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጎንዶ ሳንቃው ላይ ወጥቶ ቆመ። «ምባህ፣ ጠላት ደጅ ደርሶ ሳለ ነው ውሃ የምንለቅላቸው? ምራትዎ ናት ያስፈራራችዎ። ዛሬ ይህን ሳንቃ የሚነካ ካለ እኔን አልፎ ይንካ!» አለ። ሽማግሌው ልጃቸውን ሳርጂን ጠርተው፣ «ከንቶንጋኑን ምታ» አሉት፤ ከንቶንጋን የሚሉት የአደጋ ጊዜ የሚመታ የተቦረቦረ ቀርከሃ ነው። «አንድም ሰው ቤት ውስጥ እንዳይቀር። ሁሉም ወደ ምሥራቁ ጉብታ ይውጣ። ጎሾቹን ፍታቸው፤ ራሳቸው ያውቃሉ።» ሳርጂ የአባቱን ፊት አየ፣ የሚስቱን ፊት አየ፣ ከዚያ እንደ ጥይት ሮጠ።

ከዚያ ወደ ዋጊራህ ዞሩ። «ይህ ውሃ ቦዩን ሲይዝ ቦዩ ውስጥ የተገኘ ሰው አይተርፍም። ውረጂና ወንድምሽን አውጪው። ከቦዩ ሲወጡ ዳሩ ላይ ካለው የዝሆን ቋጥኝ ላይ ቆመሽ ይህን ቀይ ማዘያ አውለብልቢልኝ። እስካላየሁት ድረስ አልከፍትም።»

«ካልሰማኝስ?»

«እኔ ሰምቼሽ የለ?»

«ኮረብታው ካልጠበቀዎትስ አባቴ?»

«ሂጂ ንዱክ» አሉ። እሷም ሄደች።

ልጇን የምትተውላቸው ሰው አልነበረም፤ ደግሞስ ከሚሰነጠቅ መሬት ላይ ማን ይተዋል? አዝላት ወረደች። የቦዩን ጠርዝ ይዛ ስትሮጥ ከኋላዋ የከንቶንጋኑ ድምፅ ይንኳኳል፣ ሴቶች ይጮኻሉ፣ እግሯ ሥር ጠጠር ወደ ታች ይንከባለላል። የቦዩ ግድግዳ ከሰው ቁመት በላይ በሚሆንበት ጠባብ ቦታ ላይ ደርሳ ተገናኙ። ወንዶቹ ተጠጋግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍገው ይወጡ ነበር። ዋጊራህ እያንሸራተታት ወርዳ መንገዳቸው ላይ ቆመች።

«ካንግ፣ ውጡ! ውሃው ሊለቀቅ ነው!»

ፓይሚን ቆመ። ከሠርጓ ቀን ወዲህ እንዲህ ቅርብ ሆኖ አላያትም ነበር። «ማን ሊለቀው?» አለ።

«ምባህ ክሮሞ። ኮረብታው ተሰንጥቋል፤ ካልለቀቁት ሁላችንም ላይ ይወርዳል። እናንተ እስክትወጡ ነው የሚጠብቁት።»

ከኋላ አንዱ «ውሸቷን ነው! እኛን ለማዘግየት ልከዋት ነው፤ ያ ድምፅ ሰው ሲጠሩበት ነው!» ብሎ ጮኸ። ሌላውም «እልፍ በይ አንቺ!» አለ። ወንዶቹ መግፋት ጀመሩ። ፓይሚን ክንዷን ያዘ። «ዋጊራህ፣ የላይ ሰው ሚስት ነሽ፤ አልፈርድብሽም። ግን ከመንገዴ ውጪ» አላት፤ ድምፁ የቁጣ ሳይሆን የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

ዋጊራህ እጇን አስለቀቀችና ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ፣ በደረቀው ቦይ መሬት ላይ ተቀመጠች። «የማዘገያችሁ ከሆነ ረግጣችሁኝ እለፉ» አለች። «እውነት ከሆነ ግን ውሃው የሚያገኘን እዚህ ነው፤ እኔንም፣ እሷንም፣ አንተንም። ላይ አላመኑኝም። አንተም ካላመንኸኝ የምሄድበት የለኝምና እዚሁ ልጠብቀው።»

ሕፃኗ አለቀሰች። በዚያ መካከል ከመሬቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ «ያረጀ ቤት ሲቃትት» ይሉታል። ከቦዩ ግድግዳ ላይ አፈር ተንኮታኩቶ በወንዶቹ ትከሻ ላይ ወረደ። ፓይሚን ጎንበስ ብሎ ሕፃኗን ከእህቱ እቅፍ አነሣት፣ ደረቱ ላይ አስጠጋት፣ ወደ ሰዎቹም ዞሮ «ውጡ!» አለ። «ማጭዱን ጣሉና ውጡ! ስትወጡ ግራና ቀኝ ያለውን የውሃ ማስተንፈሻ ሁሉ ክፈቱ!» እርስ በርስ እየተጎተቱ፣ አንዱ ያንዱን ትከሻ እየረገጠ ተንጠላጠሉ። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ዋጊራህ ቋጥኙ ላይ ነበረች።

ከዚያ ሆና ክትሩን ታየዋለች። ዘበኞቹ ወደየቤታቸው ሮጠው ሽማግሌው ብቻቸውን ነበሩ፤ አይ፣ ብቻቸውን አይደሉም፤ ጎንዶ አሁንም ሳንቃው ላይ ቆሟል። ማዘያዋን በሁለት እጇ ይዛ አውለበለበች። ምንም የለም። እንደገና አውለበለበች፤ ትከሻዋ ዝሎ እስኪወድቅ ድረስ አውለበለበች። በክትሩ ላይ የተነጋገሩት ምን እንደነበር የተሰማው በኋላ ጎንዶ ራሱ ሲናገር ነው፤ ምባህ ክሮሞ «ጎንዶ፣ እናትህ እግሯ አይሄድም። ሳርጂ አዛውንቱን ሁሉ ብቻውን አያወጣም። እኔን ከምትጠብቅ እሷን ሄደህ አትሸከምም?» አሉት ይባላል። ዋጊራህ ያየችው ግን ጎንዶ ድንገት ከሳንቃው ላይ ወርዶ ወደ ቤቶቹ ሲሮጥ ነው። ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። የመጀመሪያው ሳንቃ ተነሣ።

ውሃው እንደ ተፈታ በሬ ቦዩን ይዞ መጣ። የታች ሰዎች ጥቂት ቀደም ብለው የቆሙበትን ጠባብ ቦታ ሞልቶ፣ የጣሉትን ማጭድና ዶማ ጠራርጎ፣ በእግራቸው ሥር እያገሳ አለፈ፤ ከዚያ በከፈቱት ማስተንፈሻ ግራና ቀኝ ተበትኖ ሜዳው ላይ ተረጋጋ። የክትሩ ውሃ ጎደለ፣ ጎደለ። ነገር ግን የታችኛው ሳንቃ ጭቃ ነክሶት ኖሮ አልነሣ ብሎ ነበር። ሽማግሌው ወጥተው መሄድ ሲችሉ፣ ውሃው ሁሉ ካልወጣ አይሆንም ብለው ነው መሰል፣ ወደ ውስጥ ወርደው ይታገሉት ጀመር። «አባቴ፣ ይውጡ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ርቀት ማን ይሰማል። ሳንቃው ሲነሣ አየች። ቀና ሲሉም አየች። ከዚያ ኮረብታው ቁጭ ሊል እንደሚፈልግ ሰው ቀስ ብሎ ዝቅ አለ፤ ቀርከሃውም፣ በረቱም፣ ባዶዎቹ ቤቶችም፣ ከፍተኛው እርከንም፣ ክትሩም አብረው ወረዱ። አቧራው ሲገለጥ ምንጩ የነበረበት ቦታ የአፈር ክምር ነበር፤ ምባህ ክሮሞም አልነበሩም።

ክትሩ እንደሞላ ቢናድ ኖሮ ሁለቱም ሰፈሮች በጠፉ ነበር ይላሉ። ከሽማግሌው በቀር ሰው አልሞተም።

ሊዋጉ የመጡት የታች ወንዶች ባዶ እጃቸውን ወደ ላይ ሮጡ። ፓይሚን ሕፃኗን ለእህቱ መልሶ ሲወጣ መንገድ ላይ ጎንዶን አገኘው፤ እናቱን አዝሎ፣ እየተደናቀፈ ይወርድ ነበር። ተያዩ። ፓይሚን ዞሮ ጀርባውን ሰጠውና «አምጣት፣ ደክመሃል» አለው። አሮጊቷን ታች ሰፈር ድረስ የተሸከማት እሱ ነው። በዚያ ቀን ምሽት የፓይሚን ሚስት በሯን ለዋጊራህ ከፈተች፤ ሕፃኗንም ተቀበለቻት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከናዳው ይብስ ነበር የሚሉ አሉ። ምንጩ ተቀብሮ ውሃ የሚባል ጠፋ፤ ሁለት ሰፈር ሕዝብ አንድ ሜዳ ላይ ተጨናንቆ የአንድ ሰፈር ካሳቫ ይበላ ጀመር። መጀመሪያ የነበረው ርኅራኄ እያደር ቀዘቀዘ። «ውሃውን ባይዘጉት ይህ ሁሉ መቼ ይመጣ ነበር?» የሚለው ሹክሹክታ ጀመረ። ሳርጂ ለአባቱ የሚቀብረው አስከሬን አጥቶ ቀን ቀን ክምሩን ይቆፍራል፤ ዋጊራህም አጠገቡ ትቆፍራለች። አንድ ቀን ዶማውን አስቀምጦ «ነግረሽኝ ነበር» አላት። «ነግሬህ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲያ ያን ነገር አላነሡትም ይባላል።

ለምባህ ክሮሞ የሙት መታሰቢያ ጸሎት በተደረገ ሰሞን፣ ከናዳው ግርጌ መሬቱ ረጠበ። በማግስቱ ጠራ ያለ ውሃ ብልጭ አለ፤ ከዚያም የድሮውን ያህል፣ እንዲያውም ከድሮው በርትቶ ፈለቀ። የፈለቀውም በፓይሚን ማሳ ራስጌ ነበር።

ሰው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ደስታው ግን ወዲያው ተበላሸ። የታች ጎረምሶች ውሃውን ከበው «ፈጣሪ ፈረደ! አሁን ውሃው የእኛ ነው፤ እስቲ እነሱም ደረቅ ቦይ ይዩ» አሉ። ለላይ ሰዎች የቀራቸው በምሥራቅ በኩል ያለው ጥቂት እርከን ብቻ ነበር፤ ያ ደግሞ ያለዚህ ውሃ ድንጋይ ነው። ጎንዶ ከኋላ ሆኖ «በረሃብ ከምንሞት…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰም። እጆች ወገብ ላይ ወደተሻጠ ቢላዋ ሄዱ። ሁሉም ፓይሚንን አየው፤ መሬቱ የሱ ነውና።

ፓይሚን ዶማውን አነሣ። «እኔ ብፈርድ ለታች አዳላ ትላላችሁ፤ ሳርጂ ቢፈርድ ለላይ። በዚያ ቀን መጀመሪያ እናንተም እኛም ያላመንናት አንዲት ሴት አለች፤ በኋላም ባናምናት ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆመን አንጣላም ነበር» አለ። ዶማውን ለእህቱ ዘረጋላት። «ክፈቺው። የፈለግሽው ይጠጣ።»

ዋጊራህ ዶማውን ተቀበለች። በስተቀኝ የወንድሟ ማሳ፣ በስተግራ ወደ ምሥራቁ እርከን የሚወስደው የባሏ ወገን መሬት ነበር። ለቀኝ ብትቆፍር ግራው ደም ይቆጥራል፤ ለግራ ብትቆፍር ቀኙ። ሁለት ሰፈር ሕዝብ እጇን ያያል። እሷ ግን ግራም ቀኝም ሳትል ቁልቁል ሄደች፤ በደረቀው የድሮ ቦይ ዳር ዳር፣ ደለሉን እየጠረገች፣ የፓይሚንን ማሳ አልፋ፣ የጎረቤቱን አልፋ፣ ማንም ሳያስቆማት እስከ መጨረሻው ድረስ ሄደች። ሕዝቡ ግራ ተጋብቶ ተከተላት። ሳርጂ ተጠግቶ «ወዴት ነው?» አላት በለሆሳስ።

«ወደ ምቦክ ሪናህ ማሳ።»

«ምቦክ» እናት እንደማለት ነው፤ ሪናህ በሜዳው ጫፍ ለብቻቸው የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ማሳቸው የቦዩ መጨረሻ ስለሆነ በጥጋብ ዓመት እንኳ ውሃ አግኝቶ አያውቅም፤ በጠቡም ጊዜ ማንም ወገን አልጠራቸውም፤ የሚያጡት አልነበራቸውምና።

«ለምን እሳቸው?» አለ ሳርጂ።

ዋጊራህ ሰው ሁሉ እንዲሰማት ቆመች። «ከላይ ብጀምር ታች ያለው ዘብ ይቆማል፤ ከታች ብጀምር ላይ ያለው። ውሃው መጀመሪያ እሳቸው ጋ ይድረስ ካልን ግን፣ እዚያ እስኪደርስ ማናችንም መዝጋት አንችልም፤ ተራችን እንዲደርስ ሁላችንም ቦዩን እንጠርጋለን» አለች።

አንድ ሽማግሌ ዶማ አነሡና ከፊቷ ያለውን ደለል መጥረግ ጀመሩ። ጎንዶም ገባ። ከዚያ ላይና ታች ሳይባል ሁሉም ጎነበሰ። ቦዩ ሲጸዳ ዋጊራህ ተመልሳ ምንጩን ከፈተች፤ ውሃው በተጠማው ማሳ ሁሉ አጠገብ እየሮጠ ሲያልፍ ማንም እጁን አላስገባም። ምቦክ ሪናህ ካሳቫ ሲነቅሉ ውሃው እግራቸው ሥር ደረሰ። ቀና ብለው ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ ደነገጡና «ልጆቼ፣ መንገድ ስታችሁ ነው?» አሉ። ዋጊራህ «አልሳትንም» አለቻቸው። ከዚያ ሳቀች፤ ከድርቁ ወዲህ ስትስቅ የታየችው ያን ጊዜ ነው ይባላል። ሳቋ መልሶ ልቅሶ ሆነባት፤ ወንድሟ መጥቶ ትከሻዋን ያዘ።

በዚያው ወራት ሁለቱ ሰፈሮች ምንጩን ከበው እንደገና ቤት ሠሩ፤ መንደሩንም ባንዩባሊ አሉት። ሳርጂ የአባቱን ሹመት ሲሰጡት ተቀበለ፤ ሳንቃውን ግን አልነካም፤ «እሱ የኔ ሥራ አይደለም» አለ።

ዛሬ ቦዩ በሲሚንቶ ተሠርቷል፤ ጎረምሶቹም ማሳ የሚወርዱት በሞተር ሳይክል ነው። ቢሆንም የተከላ ወራት ሲደርስ፣ መንደሩ በዚያ ዓመት ከሌላ ሰፈር ከመጡት ምራቶች አንዷን ይመርጣል፤ ሳንቃውን አንሥታ ውሃውን ተከትላ ትወርዳለች፣ ሰውም ይከተላታል። ከሁሉ የራቀው ማሳ ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ ባለጸጋም ቢሆን፣ ዳር ቆሞ ይጠብቃቸውና «መንገድ ስታችሁ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እሷም ትመልሳለች። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ገበሬ ዶማውን የሚያነሣው።